ሟቹ አቶ ዳኜ አስተያየት ስለሰጡበት ድልድይ

ቀን፦ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኢያቄም
የ«መሪው ሕዝብ» የጤናና የልማት አጋርነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሟች ተወካያችን በሕያው እንዲተካልን እና ሁለት ግንድ እንዲመለስልን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን የከበረ ምኞት አቀርባለሁ፤ ጉልበትዎ አይክዳዎ፣ ወገብዎ አይዛልብዎ፣ በተለይም የደም ግፊትዎ ልክ ይሁንልዎ፣ ልክ መሆኑን የሚለካልዎ ሰውም ከደጅዎ አይራቅ። እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም የታመመው ከጽሕፈት ቤትዎ ጋር አጋር ከሆንን ወዲህ ነውና ለልማት የከፈልሁት አድርጌ ይዤዋለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ፈየራ ቡዜ እባላለሁ፤ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሳያበቅል ሽምብራ ሲያበቅል እዚሁ የተወለድሁ፣ በ«ሁለት ማዶ» መረዳጃ እድር ጸሐፊነት ሠላሳ አንድ ዓመት በየቀብሩ ስም የጠራሁ፣ የአሥራ አንድ ልጆች አያት ነኝ። እድራችን «ሁለት ማዶ» የተባለው አባላቱ ከወንዟ ወዲህና ወዲያ ስለሚኖሩ ነው፤ ጤና ጣቢያው ወዲያ ማዶ፣ የአብዛኞቻችን ቤት ወዲህ ማዶ ሲሆን፣ በመካከሉ ከሁለት የባሕር ዛፍ ግንድና በላያቸው ከተቸነከረ ሳንቃ የተሠራ ድልድይ ነበረን። ይህን ድልድይ ማንም መርቆልን አያውቅም። በየመስከረሙ የበሰበሰውን ሳንቃ እየቀየርን ሕመምተኛ በቃሬዛ ስናሻግርበት፣ አዋላጇ ሲስተር ትሩፋትም ማክሰኞ ማክሰኞ እርጉዞችን በእድሩ ቤት ለማየት ስትሻገርበት፣ እኛ መንገድ መሄድ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ነገሩ «ማኅበረሰብ መር የጤና አጋርነት» እንደሚባል ያስተማረን ጽሕፈት ቤትዎ ነው። ስሙን ካስተማሩን በኋላ ድልድዩን ወሰዱት።

ጉዳዬን ሳላስረዝም ልንገርዎ። የልጅ ልጄ ኦብሴ፣ ላፍቶ ላይ ፀጉር የምትሠራው፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ ቀኗም ከሐምሌ ገብርኤል አያልፍም ተብሏል። የመጀመሪያ ፅንሷን በደም ግፊት የተነሣ በሰባተኛ ወሯ ስላጣች፣ ሲስተር ትሩፋት በየሳምንቱ ሳትቀር እንድትለካ አዛታለች። ባለፈው ወር ግን ሁለት ሳምንት ሳትለካ ቀርታለች። ክረምቱ ደጃችን ደርሷል። ከዚህ በታች በቁጥር የማቀርባቸው ሁሉ ወደዚህች ልጅ የሚመጡ ስለሆኑ፣ በሌላው ቢሰለቹ እንኳ እሷን እንዳይዘልሏት በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ምክክሩ።

ባለፈው ጥቅምት አባላችን አቶ ዳኜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዐርፈው ቀብረናቸው ከተመለስን በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ባለሙያዎ ወይዘሪት ቤቴል መጣች። በጣም ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብላ፣ ንፍሮዋን ቆርጥማ፣ ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠጋችና «አባባ፣ የተገኘው ሰው የስም ዝርዝር ይኖርዎታል» ብላ ጠየቀችኝ። እንደሚያውቁት የእድር ሰው ቀብር ላይ መቅረት አይችልም፤ ሬሳ ሲነሣ አንድ ጊዜ፣ ከቀብር መልስ ሌላ ጊዜ ስም ይጠራል፣ ምልክት ይደረጋል። ስለዚህ የአንድ መቶ አርባ ሦስት ሰዎች ስም በእጄ ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ዝርዝሬን ላለመቀጣት ካልሆነ በቀር በፍቅር የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ደስ ብሎኝ ዘረጋሁላት፤ እሷም በስልኳ አነሣችው። እኛንም አቀርቅረን እንደተቀመጥን አነሣችን። ጥፋቱ የእኔም ነው እንዲሉልኝ ነው ይህን የምጽፈው፤ ምክንያቱም በዝርዝሩ ራስጌ ላይ «የአቶ ዳኜ ቀብር» ብዬ ጽፌ ሳለሁ፣ ወረቀቱን ስይዝላት «ቀብር» የምትለዋን በአውራ ጣቴ ሸፍኛት ኖሯል።

በኅዳር ወር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ በደረሰን ሪፖርት ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ ያነበብነው የሚከተለው ነው፤ «በአቶ ዳኜ ሰብሳቢነት በተካሄደው የማኅበረሰብ ምክክር አንድ መቶ አርባ ሦስት ነዋሪዎች ተገኝተዋል፤ ነባሩ ድልድይ ፈርሶ በዘመናዊ ድልድይ እንዲተካ ለቀረበው ሐሳብ ተቃውሞ ያቀረበ አልነበረም፤ ተሳታፊዎችም በጥልቅ ስሜት ተውጠው አዳምጠዋል።» ከሥሩ ፎቶግራፋችን አለ፤ ሴቶቹ እንባቸውን ሲጠርጉ ይታያል። በልማት ሐሳብ ይህን ያህል የተነካ ሕዝብ በሌላ ወረዳ መገኘቱን እጠራጠራለሁ።

ሪፖርቱን ለአቶ ዳኜ ባለቤት ለወይዘሮ ሶፊ ሳነብላት፣ «አርባ አራት ዓመት አብሬው ስኖር በአንድ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ አፈር ሲጫነው ሰብሳቢ ከሆነ ደግ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤትዎ አቶ ዳኜን ለሦስት ቀን ዐውደ ጥናት በደብዳቤ ጠርቷቸዋል፤ ሳይገኙ ሲቀሩም «በድጋሚ ካልተገኙ ለተሳትፎ ፍላጎት እንደሌላቸው ይቆጠራል» የሚል ማስጠንቀቂያ ልኳል። ወይዘሮ ሶፊ ማስጠንቀቂያውን ወስዳ ልታነብላቸው አስባ ነበር፤ እኔ ነኝ ተይ ያልኋት።

፪ኛ፦ ስለ ዘመናዊው ድልድይ።

በታኅሣሥ ወር በአቶ ዳኜ ስምምነት መሠረት ሠራተኞችዎ መጥተው ድልድያችንን በግማሽ ቀን ነቀሉት፤ ፍጥነታቸውን ሳላደንቅ አላልፍም። ሳንቃውን ማን እንደወሰደው አላውቅም። ሁለቱ ግንዶች ግን በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ ውስጥ፣ ከጥበቃው ቤት አጠገብ ተጋድመው፣ ባለጉዳይ ይቀመጥባቸዋል፤ እኔም ራሴ ስድስት ጊዜ ተራ ስጠብቅ ተቀምጬባቸዋለሁና ያልበሰበሱ መሆናቸውን በአካል አረጋግጫለሁ። በድልድዩ ቦታ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ድንጋዩ መልካም ድንጋይ ነው፤ ያለ አንዳች ቅሬታ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት በቦታው አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት አባቶች እኛን ሳያዩ ነው።

በየካቲት «ድልድዩ እስኪመጣ ኅብረተሰቡ ይዘጋጅ» ተብሎ በድልድይ አጠቃቀም ላይ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ የዋህ ሰው ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን በድልድይ ላይ ሲሄዱ ቀኝ ጠርዝ መያዝ እንደሚገባ፣ በሁለተኛው ቀን በድልድይ ላይ ቆሞ ማውራት ለሌላው ተሻጋሪ መልካም እንዳልሆነ አስተማረን። እኔ የምስክር ወረቀት አለኝ። ሚያዝያ ላይ ኦብሴን በወንዟ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ እያስረገጥሁ ሳሻግራት፣ እኔ እጇን ይዤ፣ እሷ እጄን ይዛ፣ ማን ማንን እንደሚያሻግር ሳይወሰን ከወንዟ መካከል ስንደርስ ተንሸራትቼ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ የምስክር ወረቀቱ በደረት ኪሴ ነበር፤ ወንዟ ግን አላወቀችልኝም።

ሲስተር ትሩፋትም ድልድዩ ከተነሣ በኋላ አንድ ጊዜ በድንጋዩ ልትሻገር ሞክራ፣ የግፊት መለኪያዋ ውኃ ውስጥ ወድቆባታል። በዙሪያ ልምጣ ብትልም ግማሽ ቀኗ በመንገድ ያልቃል፣ ጤና ጣቢያው ደጅ ደግሞ የእናቶች ሰልፍ ይጠብቃታል። ስለዚህ መሄድ ያለባት ኦብሴ ናት። እንዴት እንደምትሄድ ልንገርዎ፤ ከቤት እስከ አስፋልቱ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች፣ ታክሲ ትሰለፋለች፣ ሌላ ታክሲ ትቀይራለች፣ ከዚያ በባጃጅ ኮረኮንቹን እየተንገጫገጨች ትወርዳለች፤ ይህን ሁሉ የምትዞረው ከደጃችን ሆና የጤና ጣቢያውን የባንዲራ እንጨት እያየች ነው። አንድ ቀን እንዲህ ዞራ ስትደርስ ግፊቷ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሲስተር ትሩፋት «ይህ የበሽታሽ ይሁን የመንገዱ አላውቅም፤ ተቀመጪና ከሰዓት እንደገና እለካሻለሁ» አለቻት። ባሏ ኢሉ፣ ለቡ ሰፈር ግንበኛ ነው፤ የሰው ፎቅ ሲያቆም ይውላልና ሊያደርሳት አይመቸውም።

፫ኛ፦ ስለ እንግዶቹ።

በመጋቢት ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ልምድ ለመቅሰም የመጡ እንግዶችን ወደ ወንዛችን ስላመጡልን እናመሰግናለን። ልጆቻችን እንኳን ደኅና መጣችሁ ብለው ዘመሩ፣ እኛም የተሰጠንን ቲሸርት ከጋቢያችን በላይ ለበስን። ከእንግዶቹ አንዷ፣ በአገሯ አዋላጅ የሆነች ሴትዮ፣ በአስተርጓሚ «ድልድዩ የቱ ነው» ብላ ስትጠይቅ «በሂደት ላይ ነው» ተባለላት። ሴትዮዋ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ በድንጋዩ ተሻግራ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ወደ ኦብሴ መጥታ ሆዷን በእጇ ዳሰሰችና፣ «በእኔ መንደርም በሂደት ላይ ያለ ድልድይ አለ» አለች። አስተርጓሚው ይህን የተረጎመው ለእኔ ብቻ ነው፤ ስለ ጉብኝቱ በወጣው ሪፖርት ውስጥ ስላላገኘሁት፣ ለመዝገብዎ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍሁት።

፬ኛ፦ ስለ ውክልናው።

ዘመናዊው ድልድይ ይዘግይ፣ ነገር ግን ክረምቱ እስኪወጣ ሁለቱን ግንዶች መልሱልንና በገዛ ጉልበታችን እንጋድማቸው ብለን በሚያዝያ ወር ማመልከቻ አስገባን። የተሰጠን መልስ እጅግ ሥርዓት ያለው ነው። ግንዶቹ የአጋርነቱ ንብረት ሆነው ስለተመዘገቡ፣ አጋርነቱም በማኅበረሰቡ ስለሚመራ፣ ጥያቄው መቅረብ ያለበት በማኅበረሰቡ ተወካይ ፊርማ ነው ተባልን። የማኅበረሰቡ ተወካይ ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መዝገብ ተገልጦ፣ አቶ ዳኜ ናቸው ተባለ። ሞተዋል ብንል፣ ወይዘሪት ቤቴል ፊቷ ቀልቶ አቀርቅራ ሳለች፣ መዝገብ ያዡ «እንግዲያው ይተኩ» አለን። እንዴት ይተኩ ብንል፣ «በፈቃዳቸው መልቀቃቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ራሳቸው ጽፈው ይፈርሙ» አለን።

ክቡር ሆይ፣ በእድር ሕይወቴ ሟች ሲለቅ ያየሁት አንድ ዐይነት አለቃቀቅ ብቻ ነው፤ እሱንም አቶ ዳኜ በጥቅምት ፈጽመውታል። የሞት ምስክር ወረቀት ይዘን ስንመለስ ደግሞ፣ ተወካዩ በጥቅምት ሞተው ከሆነ በታኅሣሥ ድልድዩ እንዲነሣ የተሰጠው ስምምነት አጠያያቂ ስለሚሆን፣ ወረቀቱን መቀበል የሪፖርቱን ትክክለኛነት እንደሚነካ ተነገረን። ስለዚህ ለሪፖርቱ ጤንነት ሲባል አቶ ዳኜ በሕይወት እንዲቆዩ ተደርጓል። የጽሕፈት ቤትዎ የጤና ሥራ ያስገኘውን ውጤት ስጠየቅ ይህን አንድ ሰው ሁልጊዜ እጠቅሳለሁ።

ኦብሴ ይህን ስነግራት ሳቀች። «አባባ፣ እኔም ብሞት ግፊቴን መዝገብ ላይ ልክ ያደርጉልኛል ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ቀልድ የምወድ ሽማግሌ ነኝ፤ በዚህኛው ግን አልሳቅሁም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ያደረግነውን ለማሳወቅ ያህል እነሆ። ባለፈው እሑድ፣ ግንቦት 24፣ በእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አቀረብሁ። የእድራችን ሕግ ጡሩምባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው ይላል፤ ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ ማንም ሥራ አለኝ ብሎ አይቀርም። እኔ ያቀረብሁት ሐሳብ ለአንድ ቀን፣ ለድልድይ ይነፋ የሚል ነበር። ጡሩምባ ነፊያችን ገብረ መድኅን ተቃወመ፤ «ሃያ ዓመት ለሞተ ስነፋ ኖሬ ዛሬ ለሚወለድ ብነፋ ሰው ማን ሞተ ብሎ ልቡ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እውነተኛ ሬሳ አለብን» አለ። ነገሩ ከበደን። ወይዘሮ ሶፊ ተነሥታ፣ «ልጅቷ ከሞተች ትነፋላታለህ አይደል» ብላ ጠየቀችው። «እንዴታ» አለ። «እንግዲያው ዘንድሮ አስቀድመህ ንፋ፤ ኋላ ለሞት ስትነፋም ከመምጣት አንቀርም» አለችው። ገብረ መድኅን ጡሩምባውን አንሥቶ አፉን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ተቀመጠ። ሕጉ ያለ ተቃውሞ ተሻሻለ፤ ይህን ስል የተገኙት ሁሉ በሕይወት የነበሩ መሆናቸውን ጸሐፊው አረጋግጫለሁ።

በዚህም መሠረት ቅዳሜ ግንቦት 30 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጡሩምባ ይነፋል፣ ስም ይጠራል፣ መጋዝና መዶሻ ያለው ያንኑ፣ የሌለው ሚስማር ይዞ ይመጣል። ግንድ የሚገኘው ከየአጥራችን ባሕር ዛፍ ነው። የእርስዎን ሁለት ግንዶች እስከ ቅዳሜ ቢልኩልን ባሕር ዛፎቹ ይተርፋሉ፤ ባይልኩልን ባለጉዳይ መቀመጫ አያጣምና በዚያም ደስ ይለናል። ፈቃድ እየጠየቅን አይደለም፤ ጥያቄ የማቅረብ ሥልጣን ያላቸው ተወካያችን በአሁኑ ሰዓት መፈረም ስለማይችሉ፣ የምንጠይቅበት መንገድ በመዘጋቱ ብቻ የምንሠራ መሆናችንን እንዲረዱልን ነው።

በመጨረሻም ወይዘሪት ቤቴልን እንዳይቀጧት አደራ እላለሁ። እስከ ዓርብ አንድ መቶ አርባ ስም አምጪ ተብላ የተላከች ልጅ፣ አንድ መቶ አርባ ሦስት ሰው አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጦ ብታገኝ ምን ታድርግ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ዝርዝር የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ ለሁለት ይከፈል፤ የእኔን ድርሻ ጉልበቴ ላይ ከወዲሁ ተቀብያለሁ።

ክቡርነትዎ ስለ ሰጡን ስም፣ ስለ ነቀሉልን ድልድይ፣ ስለ አስተማሩን አረማመድ፣ ስለ አቆዩልንም ሟች ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ዝቅ ብዬ፣ ቀኝ ጉልበቴን ግን ሳላጥፍ፣ እጅ እየነሣሁ፣ መሪ ተብሎ የሚከተል የአንድ ሰፈር ሽማግሌ፣

ፈየራ ቡዜ
የ«ሁለት ማዶ» መረዳጃ እድር ጸሐፊ
ላፍቶ፣ ወዲህ ማዶ

ግልባጭ፦
ለሲስተር ትሩፋት፣ ወዲያ ማዶ
ለወይዘሮ ሶፊ
ለአቶ ዳኜ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፤ ሰኔ 4 ቀን፦ ለጋዜጣም እንዲያትመው የሰጠሁት ይህ ደብዳቤ እዚያ ተራውን ሲጠብቅ ቅዳሜ ደርሶ አለፈ። ጡሩምባው ሲነፋ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች መጥታ፣ ማንም አለመሞቱን ስትሰማ «ታዲያ እንባዬን ምን ላድርገው» ብላ ተቆጥታ ነበር፤ ሳንቃ አሸክመን አበረድናት። ድልድዩ ከምሳ በፊት አለቀ። ሰኞ ኦብሴ በእግሯ በስድስት ደቂቃ ተሻግራ ተለካች፤ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የመንገዱ ነው የሚባልም መንገድ አልነበረም። መድኃኒት ተጀመረላት፣ በየሦስት ቀኑም እንድትመጣ ታዘዘች። አንድ ሳምንት ዘግይታ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር ሲስተር ትሩፋት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ትናንት ማክሰኞ ሠራተኞችዎ መጥተው ከድልድዩ ሥር «በአጋርነታችን የተሠራ» የሚል ሰሌዳ ተክለው ሲያበቁ፣ ኦብሴን መካከሉ ላይ አቁመው ፎቶግራፍ አንሥተዋታል። ከፎቶግራፉ ሥር ምን እንደተሰማት ከመጻፋችሁ በፊት እባክዎ ራሷን ያስጠይቋት፤ በሕይወት ስላለች ትመልስልዎታለች።